የሞቃት አገር ጉንዳን በብልቃጥ ውስጥ፦ አያያዙና ዋጋው

መግቢያ

የቤት እንስሳ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ውሻና ድመት፣ ቢበዛ ደግሞ ዓሣና ርግብ ነው። ጉንዳንን የምናውቀው ስኳር ዕቃ ውስጥ ሲገባብን ወይም በሱሪያችን ውስጥ ወጥቶ ሲነክሰን ነው። ይሁን እንጂ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በእስያ ጉንዳን በገንዘባቸው ገዝተው፣ በመስታወት ቤት አስቀምጠው፣ እየመገቡ ለዓመታት የሚያሳድጉ ብዙ ሰዎች አሉ። ከሁሉም ይልቅ የሚፈለጉት ከሞቃት አገሮች የሚመጡት ትልልቆቹ ናቸው። ከነዚህም መካከል በጣም የሚወደደው አንዱ የእኛው የምሥራቅ አፍሪካ እህል ሰብሳቢ ጉንዳን፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሜሶር ሴፋሎቴስ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለ ጉንዳን እንዴት እንደሚያዝ ማሳየት፣ ከዚያም አንድ ጥያቄ ማንሳት ነው። ጥያቄው ይህ ነው፦ የባዮሎጂ ተማሪ ጉንዳን ቢያሳድግ ጥሩ ነው፤ ግን የየትኛውን ቦታ ጉንዳን? መልሱ የፍላጎት ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። አይደለም። የነገሩን ሥር ለማየት ከንግሥቲቱ መጀመር ያስፈልጋል።

ስለ ቃላት ትንሽ ልበል። ንብ አናቢዎቻችን በአንድ ቀፎ ያሉትን ንቦች በጠቅላላ «ኅብረ ንብ» ይሏቸዋል። በዚሁ አካሄድ እዚህ «ኅብረ ጉንዳን» እላለሁ። የንቦቹን እናት ግን «አውራ» ማለት የቆየ ልማድ ነው። አውራ ወንድ መሪን ስለሚያስታውስ ነገሩን ያሳስታል። በጉንዳን ቤት የሚሠሩትም፣ የሚዋጉትም፣ የምትወልደውም ሴቶች ናቸው። ወንዱ ካልተዳቀለ እንቁላል ይፈለፈላል፣ አንድ ቀን በርሮ ያዳቅላል፣ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል፤ በቃ። ስለዚህ «ንግሥት» የሚለውን ቃል መርጫለሁ።

አንድ ቀን የሚፈጸም ጋብቻ

ከደረቅ ወራት በኋላ ዝናብ ጥሎ መሬቱ ሲርስ፣ ከብዙ የጉንዳን ጎጆዎች ክንፍ ያላቸው ወንዶችና ሴቶች በአንድ ጊዜ ይወጣሉ። ይህንን የሠርግ በረራ እንበለው። በዚያው ሰሞን ምስጥም ክንፍ አውጥቶ በየመብራቱ ስለሚሰበሰብ ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። መለያው ቀላል ነው። የጉንዳን ወገብ እንደ ክር የቀጠነ፣ አንቴናው እንደ ክርን የታጠፈ፣ የፊት ክንፉ ከኋላው የሚበልጥ ነው። የምስጥ ወገብ አልቀጠነም፣ አንቴናው ቀጥ ያለ የዶቃ ድርድር ይመስላል፣ አራቱም ክንፎቹ እኩል ናቸው። በዝምድና ደረጃም ቢሆን ጉንዳን ለንብ፣ ምስጥ ደግሞ ለበረሮ ይቀርባሉ።

ወጣቷ ንግሥት የምትዳቀለው በዚህ በረራ ብቻ ነው። እንደ ዝርያው ከአንድ ወይም ከብዙ ወንዶች ዘር ትቀበልና ስፐርማቴካ በሚባል ከረጢት ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ በኋላ በሕይወቷ ሙሉ ሌላ ወንድ አታይም። በሚቀጥሉት ዓመታት የምትጥላቸው የሠራተኛ እንቁላሎች በሙሉ የሚዳቀሉት በዚያች ቀን በተቀበለችው ዘር ነው። መሬት ካረፈች በኋላ ክንፏን ራሷ ታራግፋለች፣ ትንሽ ጉድጓድ ትቆፍራለች፣ በሩን ከውስጥ ትዘጋለች።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በብዙዎቹ የሜሶር ዝርያዎች ንግሥቲቱ ከዚህ በኋላ ለሳምንታት ምንም አትበላም። ከእንግዲህ የማያስፈልጓትን የክንፍ ጡንቻዎችና የሰውነቷን ስብ እያቀለጠች የመጀመሪያዎቹን እጮች ትቀልባለች። የሚወለዱት የመጀመሪያ ሠራተኞች ያነሱ፣ የቀጨጩ ናቸው፤ ስንቁ የሚበቃው ለዚያ ያህል ነውና። እነሱ ጉድጓዱን ከፍተው ወጥተው እህል ማምጣት ሲጀምሩ ነው ኅብረ ጉንዳኑ ተወለደ የሚባለው።

ዕድሜዋስ? እንግሊዛዊው ጆን ላቦክ፣ በሙያው የባንክ ሰውና የፓርላማ አባል የነበረ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጉንዳኖችን በሁለት መስታወቶች መካከል እያሳደገ ያጠና ነበር። አንዲት ንግሥት በእጁ ወደ 15 ዓመት ገደማ ኖራለች። ከዚያ ወዲህ የተለመደችው የአውሮፓ ጥቁር የአትክልት ቦታ ጉንዳን ንግሥት በሰው እጅ ከ28 ዓመት በላይ መኖሯ ተመዝግቧል። ሠራተኞቹ ግን የሚኖሩት ቢበዛ ጥቂት ዓመት፣ ብዙውን ጊዜ ከዚያም ያነሰ ነው። አንድ ዓይነት ጂን ይዘው ተወልደው እጮች ሳሉ በተሰጣቸው ምግብና እንክብካቤ ብቻ አንዷ 20 ዓመት፣ ሌላዋ አንድ ዓመት ትኖራለች ማለት ነው። ስለ እርጅና ባዮሎጂ መጻፍ ለሚፈልግ የጥናት ርዕስ የጎደለው አይመስለኝም!

ንግሥት የሌለበት ቤት

ጉንዳንን ሰው ማኖር የጀመረው ዛሬ አይደለም። በቻይና እ.ኤ.አ. በ304 እንደተጻፈ በሚታመን ሰነድ ላይ ገበሬዎች ጉንዳንን ከነጎጆው ከገበያ ገዝተው በብርቱካን ዛፎቻቸው ላይ እንደሚሰቅሉ ተገልጿል። ተባይ እንዲያጠፋላቸው ነው። ለመዝናኛ ጉንዳን መሸጥ በሰፊው የታወቀው ግን በአሜሪካ፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ሚልተን ሌቪን የተባለ ነጋዴ ቀጭን የፕላስቲክ «የጉንዳን እርሻ» ለሕፃናት መሸጥ በጀመረ ጊዜ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ተሸጧል።

ይህ ዕቃ አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ለእኛ ርዕስ ግን ጉድለቱ ትምህርት ነው። በፖስታ የሚላኩት ሠራተኞች ብቻ ነበሩ። በአሜሪካ ሕግ ሕይወት ያለው ጉንዳን፣ በተለይም ንግሥት፣ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ያለ ግብርና መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ አይንቀሳቀስም። ልጆቹ ጉንዳኖቹ ዋሻ ሲቆፍሩ ለጥቂት ወራት ይመለከታሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ያልቃሉ። አዲስ የሚወለድ የለም። ሕፃኑ ምናልባት «በደንብ ስላልመገብኳቸው ነው» ብሎ ያለቅስ ይሆናል። እንዴት ቢመግባቸውስ? ንግሥት የሌለው ቤት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እየሞተ ያለ ቤት ነው።

ብልቃጡ፣ ሙቀቱ፣ ምግቡ

አያያዙን ሜሶርን ምሳሌ አድርጌ ላስረዳ። ንግሥቲቱ የምትጀምረው በቴስት ቲዩብ ነው። ቲዩቡ እስከ ሲሶው ውሃ ይሞላል፤ ውሃው በጥጥ ይታፈናል፤ ንግሥቲቱ በቀረው ደረቅ ክፍል ትገባለች፤ አፉም በሌላ ጥጥ ይዘጋል። አየር በጥጡ ያልፋል፣ እርጥበት ከውስጠኛው ጥጥ ይመጣል። ከዚያ በጨለማ ቦታ አስቀምጦ መተው ነው። መተው የሚለውን አስምሩበት። አዲስ ጀማሪዎች በየቀኑ እያወጡ በማየት ያስጨንቋታል። የተረበሸች ንግሥት የራሷን እንቁላል ልትበላ ትችላለች። በሳምንት አንድ ጊዜ በጨረፍታ ማየት ይበቃል። ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለ ሙቀት የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ገደማ ይወጣሉ።

ሠራተኞቹ ወደ ሃያና ሠላሳ ሲደርሱ ቲዩቡ ራሱ በትንሽ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥና አፉ ይከፈታል። ሳጥኑ መውጫ ሜዳቸው ነው። እየበዙ ሲሄዱ ከጄሶ የተሠራ ቤት ይጨመርላቸዋል። ጄሶ ርካሽ ነው፣ ክፍልና መተላለፊያ ለመቅረጽ ይመቻል፣ ውሃም ይመጥጣል። ቁም ነገሩ አንደኛው ጫፍ እርጥብ፣ ሌላኛው ደረቅ እንዲሆን ማድረግ ነው። እህል ሰብሳቢ ጉንዳን እጮቹን በእርጥቡ፣ እህሉን በደረቁ በኩል ያስቀምጣል። ቤቱ በሙሉ ከረጠበ እህሉ ይበቅላል ወይም ይሻግታል፤ በሙሉ ከደረቀ እጮቹ ይሞታሉ። እኛ ምርጫውን ብቻ እንሰጣለን፣ የሚደለድሉት እነሱ ናቸው።

ቤቱ በቀይ ፕላስቲክ ቢሸፈን ጥሩ ነው። ይህ ከላቦክ ሙከራዎች የወጣ ብልሃት ነው። ላቦክ ልዩ ልዩ ቀለም ያለው ብርሃን በጎጆው ላይ ሲያበራ፣ ጉንዳኖቹ እጮቻቸውን ከሐምራዊውና ለእኛ ዓይን ከማይታየው አልትራቫዮሌት ብርሃን እያነሱ ሲያሸሹ፣ በቀዩ ሥር ግን እንደ ጨለማ ቆጥረው ሲቀመጡ ተመልክቷል። ስለዚህ በቀይ ሽፋን በኩል እኛ እናያቸዋለን፣ እነሱ ብርሃን መኖሩን ብዙም አያውቁም።

ምግቡ እዚህ አገር ችግር የለውም። እህል ሰብሳቢ ጉንዳን ጥቃቅን የሣር ዘር ይወዳል። ዳጉሳ፣ ጤፍ፣ ኑግ፣ ሰሊጥ እየቀላቀሉ ማቅረብ ይቻላል፤ ኑግማ በአውሮፓ የወፍ ምግብ ሆኖ ስለሚሸጥ ጉንዳን አሳዳጊዎቹም ያውቁታል። የተቆላ እህል አይሁን፤ መድኃኒት የተቀባ የዘር እህል ደግሞ በጭራሽ አይሁን። ያደገ ጉንዳን ጠጣር ነገር መዋጥ አይችልም። ሠራተኞቹ ዘሩን ፈልፍለው፣ ከምራቃቸው ጋር አላቁጠው ሊጥ የመሰለ ነገር ያዘጋጃሉ፤ አሳዳጊዎች «የጉንዳን ዳቦ» ይሉታል። ከዚህ በተጨማሪ ለእጮቹ እድገት በሳምንት አንድ ሁለቴ የሞተ ዝንብ ወይም ትል ያስፈልጋል።

ማምለጥን ለመከላከል የሳጥኑ የላይኛው ጠርዝ በቀጭኑ ቫዝሊን ይቀባል ወይም የሕፃናት ፓውደር በአልኮል ተበጥብጦ ይለቀለቃል። ሲደርቅ ያንሸራትታቸዋል። ብቻውን ግን አይበቃም፤ ክዳን ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። «ሞቃት አገር» ሲባል እኛ ራሳችን ሞቃት አገር ነን ብለን እንዘናጋለን። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። የቆላ ጉንዳን በደጋ ዶርም ውስጥ ልክ በብራስልስ እንዳለው ማሞቂያ ይፈልጋል። ደግሞም የሞቃት አገር ጉንዳን እንደ አውሮፓው ክረምቱን አይተኛም፤ ዓመቱን በሙሉ ይበላል፣ ይራባል። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ የሚለው የአባቶቻችን አከፋፈል ለጉንዳንም ይሠራል።

ሁሉም ጉንዳን እንዲህ አይያዝም። ቅጠል ቆራጩ የደቡብና የመካከለኛው አሜሪካ ጉንዳን ቅጠሉን አይበላም፤ ፈንገስ ያበቅልበታል። ወጣቷ ንግሥት ከእናቷ ቤት ስትወጣ የፈንገሱን ቁራሽ በአፏ ከረጢት ይዛ ነው፤ ያ ቁራሽ ከሞተ እሷም አበቃላት። ፈንገሱ በየቀኑ ትኩስ ቅጠልና የማይዋዥቅ እርጥበት ይፈልጋል። ለትልልቅ የእንስሳት ማሳያዎች እንጂ ለተማሪ የሚሆን አይደለም። በሰልፍ የሚጓዘውን ነካሽ ገብረ ጉንዳንማ ተዉት።

አምስት ሺህ ጉንዳን በሻንጣ

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ደስ የሚል ነው። አሁን ወደ ገበያው እንሂድ።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 2025 በኬንያ ናኩሩ አካባቢ ሁለት ወጣት ቤልጂየማውያን በ2,244 ብልቃጦች ውስጥ 5,000 ገደማ ጉንዳኖችን ይዘው ተያዙ። በተመሳሳይ ጊዜ በናይሮቢ አንድ ቬትናማዊና አንድ ኬንያዊ 400 ያህል ይዘው ተገኙ። ብልቃጦቹ ከላይ እንደገለጽኩት ዓይነት በጥጥ የተሰናዱ ነበሩ። የኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት ጉንዳኖቹ በዚህ ሁኔታ እስከ ሁለት ወር በሕይወት ሊቆዩ እንደሚችሉ ገልጿል። ከተያዙት መካከል ሜሶር ሴፋሎቴስ ይገኝበታል። በወቅቱ እንደተዘገበው የዚህች ጉንዳን አንዲት ንግሥት በእንግሊዝ እስከ 170 ፓውንድ ትሸጣለች። ግንቦት 7 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ፍርድ ቤቱ እያንዳንዳቸውን በአንድ ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ወይም በ12 ወር እስራት ቀጣ።

ኬንያ የዝሆን ጥርስና የአውራሪስ ቀንድ ዝርፊያን የምትዋጋ አገር ናት። ስለ ጉንዳን ይህን ያህል መቆጣት ምንድነው ያሉ ብዙ ነበሩ። ከነሱም መካከል ጥሩ ክርክር ያላቸው አሉ፤ ችላ ልንለው አይገባም። ክርክሩ እንዲህ ነው፦ በሠርግ በረራ ከሚወጡት ንግሥቶች አብዛኞቹ በወፍ፣ በእንሽላሊት፣ በሸረሪትና በሌሎች ጉንዳኖች ይበላሉ። ኅብረ ጉንዳን እስከ መመሥረት የሚደርሱት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ታዲያ ለመሞት ከተዘጋጁት ላይ ጥቂት ሺህ ቢነሳ ምን ይጎድላል?

በእኔ አስተያየት ይህ ግማሽ እውነት ነው። ሰብሳቢው የሚፈልገው የተዳቀለችውን፣ ክንፏን የጣለችውን፣ ያልተጎዳችውን ንግሥት ነው። እሷ ደግሞ ከወፉም ከእንሽላሊቱም ያመለጠች፣ ልትቆፍር የደረሰች ናት። የሥነ ሕዝብ ኮርስ የወሰዳችሁ ታስታውሱ ይሆናል፤ ከመቶ እንቁላል ዘጠናውን ማንሳትና ከመቶ ጎረምሳ ዘጠናውን ማንሳት አንድ አይደለም። ሰብሳቢው የሚያነሳው ከመሞት የቀረችውን ነው። ሰብሳቢዎቹም የታወቀ ጎጆ ያለበትን ቦታ ዓመት እየቆጠሩ ይመለሱበታል። ንግሥት ቶሎ አትተካም፤ ዛሬ ያልቆፈረችው ንግሥት ከአሥር ዓመት በኋላ የማይኖር ጎጆ ናት። ጎጆው ደግሞ አፈር የሚያላላ፣ ዘር የሚያጓጉዝ፣ በደጁ በጣለው ገለባና በረሳው ዘር ሣር የሚያበቅል ነው።

ሌላው ነገር ባለቤትነት ነው። ኬንያ ጉዳዩን የጀነቲክ ሀብት ዝርፊያ ብላ ነው የጠራችው። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የናጎያ ፕሮቶኮል የአንድን አገር የጀነቲክ ሀብት የሚወስድ ፈቃድ እንዲጠይቅና ጥቅሙን እንዲያካፍል ያዛል። በእኛም አገር በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የጀነቲክ ሀብትን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ከልክሏል። ከዚህ ውጭ ስንሆን የምንዘነጋው ነገር ቢኖር ጀነቲክ ሀብት ማለት ጤፍና ቡና ብቻ አለመሆኑን ነው።

ያመለጠ ጉንዳን

የሚሄደው ብቻ ሳይሆን የሚመጣውም ያሳስባል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ አንድ ጥናት ለቤት እንስሳነት ከሚሸጡ የጉንዳን ዝርያዎች መካከል ወራሪ የሆኑት ከሚገባው በላይ እንደሚበዙ አሳይቷል። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። ወራሪ ጉንዳን ምግብ የማይመርጥ፣ በየትም የሚኖር፣ ቶሎ የሚራባ ነው፤ ይህ ደግሞ ለጀማሪ አሳዳጊ የሚመከር ባሕርይ ነው! ለመያዝ ቀላል የሆነ ጉንዳን ለመውረርም ቀላል ነው።

ወራሪ ጉንዳን ምን ያደርጋል? ከሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በኬንያ ላይኪፒያ ሜዳ በአንድ ዓይነት ግራር ላይ የሚኖሩ ትንንሽ ጉንዳኖች አሉ። ዝሆን ግራሩን ሊበላ ሲመጣ አፍንጫው ውስጥ እየገቡ ይነክሱታል፣ ዝሆኑም ይሄዳል። ከሕንድ ውቅያኖስ ደሴት እንደመጣ የሚታሰብ ራሰ ትልቅ ጉንዳን ግን ወደ አካባቢው ገብቶ እነዚህን ጠባቂዎች ፈጃቸው። ዝሆኖቹ ዛፉን ሰባብረው በሉት። ሜዳው ተገለጠ። አንበሳ የሚያደባበት ጥሻ አጣና የሜዳ አህያ ማደን ከበደው። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት በወጣው ጥናት መሠረት፣ አንበሶቹ ከሚገድሏቸው እንስሳት መካከል የሜዳ አህያ ድርሻ በ2003 ከነበረበት 67 በመቶ በ2020 ወደ 42 በመቶ ወርዷል። በዚያው ልክ አንበሶቹ ወደ ጎሽ ዞሩ፤ የጎሽ ድርሻ ከምንም ተነስቶ 42 በመቶ ደረሰ። የሚሊ ሜትር ጉንዳን የአንበሳን ምሳ ቀየረ።

እሳት ጉንዳን የሚባለውም የደቡብ አሜሪካ ዝርያ በ1930ዎቹ በመርከብ ጭነት ወደ አሜሪካ አላባማ ገብቶ ደቡቡን ሁሉ አዳርሷል። በ2001 በአውስትራሊያ ብሪዝበን፣ በ2023 ደግሞ በጣሊያን ሲሲሊ 88 ጎጆዎች ሠርቶ ተገኝቷል።

አሁን የጽሑፌ ዋና ነጥብ ላይ ደርሰናል። በብራስልስ ካለ ክፍል ያመለጠች የምሥራቅ አፍሪካ ንግሥት ክረምቱ ይገድላታል። የብራስልሱ ሰው በስህተቱ ላይ ብርድ የሚባል መከላከያ አለው። እኛ የለንም። ከብራዚል ወይም ከታይላንድ የመጣች ንግሥት በሐዋሳ ወይም በአርባ ምንጭ ብታመልጥ የሚጠብቃት ቤቷን የመሰለ አየር ነው። ስለዚህ የውጭ የሞቃት አገር ጉንዳን ማሳደግ ለአውሮፓዊ ከሚያሰጋው ይልቅ ለኢትዮጵያዊ ያሰጋል። እምቦጭንም አስታውሱ። በዓለም ዙሪያ የተሰራጨው አበባው ስላማረ፣ ለኩሬ ጌጥ ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በጣና ላይ ያደረገውን ሁላችንም እናውቃለን።

የራሳችን ጉንዳንም ቢሆን ቦታው ሲቀየር ጠባዩ ሊቀየር ይችላል። በ2017 የታተመ ጥናት በባሕር ዳር አካባቢ በቤተ ክርስቲያን ደኖችና በአካባቢያቸው ሌፒሲዮታ ካኔሴንስ የተባለ የአገራችን ጉንዳን እስከ 38 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋ አንድ ግዙፍ ኅብረ ጉንዳን መሥርቶ መገኘቱን ገልጿል። ከተለያየ ጎጆ የመጡ ሠራተኞች ሲገናኙ አይጣሉም። እንዲህ ያለ ጠባይ በብዙ ወራሪ ጉንዳኖች ዘንድ የሚታይ ነው። ይህን ጉንዳን «የአገር ውስጥ ነው» ብሎ ከጣና ዳር ወደ ሌላ ክልል ይዞ መሄድ ከውጭ ከማስገባት ብዙ አይለይም።

ለዲፓርትመንታችን

ታዲያ አናሳድግ ማለቴ ነው? በፍጹም። ለቤተ ሙከራ በጀት በሌለበት ቦታ ከዚህ የረከሰ ሕያው ላብራቶሪ የለም። እንዲያውም አንድ ምሳሌ ልስጥ። እ.ኤ.አ. በ1958 ኤድዋርድ ዊልሰንና ባልደረቦቹ ጉንዳን የሞተ ጓደኛዋን ተሸክማ የምትጥለው በሽታው መሆኑን አሳዩ። ከሬሳው የሚወጣውን ኦሌይክ አሲድ በሕያው ሠራተኛ ላይ ጠብ ሲያደርጉባት፣ ጓደኞቿ እግሯን እያወራጨች ተሸክመው ቆሻሻ መጣያው ላይ ጣሏት። ራሷን እስክታጸዳ ድረስ ተመልሳ በመጣች ቁጥር እየወሰዱ ይጥሏታል። ይህንን ሙከራ ለመድገም አንድ ሳጥን ጉንዳንና አንድ ጠብታ ኦሌይክ አሲድ ብቻ ይበቃል። የጤፍና የዳጉሳ ምርጫ፣ የብርሃን ቀለም፣ የሙቀት ልዩነት በእጭ እድገት ላይ፤ ሁሉም በሰዓትና በማስታወሻ ደብተር የሚሠሩ ናቸው።

የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ንግሥቲቱ አትገዛ፣ ከሌላ አካባቢም አትምጣ። በዝናብ መግቢያ ላይ ከግቢያችን ከራሱ፣ መሬት ላይ ክንፏን ጥላ ስትሄድ የተገኘች ትሁን። ለአንድ ቡድን አንዲት ብቻ ትበቃለች። የቆመ ጎጆ ቆፍሮ ንግሥት ማውጣት ክልክል ይሁን፤ አብዛኛውን ጊዜ ንግሥቲቱ በዶማው ትሞታለች፣ ከዚያ የቀሩት ሠራተኞች እንደ ፕላስቲኩ እርሻ ጥቂት ወር ኖረው ያልቃሉ።

መመለሱን በተመለከተ አሳዳጊዎች አይስማሙም። እኔ የምደግፈው ይህን ነው፦ ኅብረ ጉንዳኑ ብቻውን የኖረ፣ ከሌላ ቦታ ከመጣ ጉንዳን ጋር ሳጥንም ሆነ ዕቃ ያልተጋራ ከሆነ፣ ንግሥቲቱ ወደተገኘችበት ቦታ፣ በዝናብ ወራት ይመለስ። ተቀላቅሎ ከሆነ ወይም ከየት እንደመጣ ካልታወቀ አይለቀቅ፤ ሳጥኑ እንዳለ ለሁለት ቀን ፍሪዘር ውስጥ ይግባና ናሙናው በአልኮል ይቀመጥ። መጨከን ይመስላል፤ የላይኪፒያን ግራር ላሰበ ግን አይመስልም።

ለዚህም ሲባል በእያንዳንዱ ብልቃጥ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት ይለጠፍ፦ የተገኘችበት ቀን፣ ትክክለኛ ቦታ፣ ከፍታ በሜትር፣ ዝናቡ ስንት ሰዓት እንዳቆመ፣ ያገኛት ተማሪ ስም። ወረቀት የሌለው ብልቃጥ ወደ ቤተ ሙከራው አይግባ።